ከመንገድ በላይ ላለች ክፍል የተጻፈ መነሻ

ራያ ሼኩዌ በላሙ ደሴት ውል የምትጽፍ ጠበቃ ናት። ፍርድ ቤት ቆማ ስትከራከር ያያት ሰው ጥቂት ነው፤ ክርክር አትወድም። የጀልባ ሽያጭ፣ የቤት ኪራይ፣ የወንድማማች ክፍፍል፣ የዓሣ አጥማጆች ሽርክና፤ ኑሮዋን የምትገፋው በዚህ ነው። ከውል ሁሉ አብልጣ የምትወደው ደግሞ መነሻውን ነው። ከአንቀጾቹ በፊት የሚመጣውን፣ ተዋዋዮቹ እነማን እንደሆኑና ምን አግኝቷቸው ለመዋዋል እንደተቀመጡ የሚናገረውን፣ እያንዳንዱ ሐረግ «በመሆኑ» እያለ የሚዘጋውን ክፍል ማለት ነው። ሌላው ጠበቃ ከአሮጌ ውል ገልብጦ የሚያልፈውን እሷ ስታጥበውና ስታሰጣው ትውላለች።

ባሏ ምብዋና የጭነት ጀልባ ካፒቴን ነው። ከባሕር በተመለሰ ቁጥር ይነካካታል።

«ዛሬ ምን ሠራሽ?»

«አንድ አንቀጽ።»

«አንድ አንቀጽ ብቻ? እኔ እኮ በዚህ ጊዜ ኪስማዮ ደርሼ ጭነቴን አራግፌ ነበር።»

«አንተን ነፋስ ይገፋሃል። እኔን ማን ይገፋኛል?»

ይህን ሥራ የተማረችው ሞምባሳ ነው፤ ሚስተር ፖፓት ከሚባሉ የጉጃራት ዘር ካላቸው ሽማግሌ ጠበቃ ዘንድ። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች የተቀጠረችው እሳቸው ጋ ነበር። የመጀመሪያዋን ረቂቅ ሲያዩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ሻጭ ውብ የሆነ ቤት ያለው በመሆኑ» ብላ ጽፋ ነበር።

«ውበቱም አብሮ ይሸጣል?» አሉ።

«አይ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ገዢው ነገ ቤቱ አስጠላኝ ብሎ ቢከስ ማን ሊመልስለት ነው?» ቃሏን ሰረዟት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደጋግመው የነገሯት ነገር ቢጨመቅ ሦስት ነው። መነሻ ላይ ማንም ቃል አይገባም፤ ግዴታ ከሆነ ቦታው ከታች ነው። መነሻ ላይ ማንም አይከሰስም። ለውሉ መረዳት የማይጠቅም ነገር መነሻ ላይ አይቀመጥም። «ዳኛ ውሉ ግራ ሲገባው የሚመለሰው ወደ መነሻው ነው» ይሏት ነበር፤ «ስለዚህ እውነት ይሁን፤ አጭርም ይሁን።» ራያ ይህን እንደ ጸሎት ይዛው ወደ አገሯ ወደ ላሙ ተመለሰች፤ ከአባቷ ቤት ምድር ቤት ጠረጴዛ ዘርግታ መሥራት ጀመረች። ሠርታበትም አላፈረችም። የቢ ሳኡሙና የቢ ቲማ ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ።

ቢ ማለት በላሙ እንደ ወይዘሮ ያለ ማክበሪያ ነው፤ ሁለቱ ሴቶች የእህትማማች ልጆች ናቸው። ቤቶቻቸው በአንድ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ቆመዋል። በፎቁ ላይ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የምታሻግር፣ ከመንገዱ በላይ የተንጠለጠለች አንዲት ክፍል አለች፤ የላሙ ሰው ዊኪዮ ይላታል። እናቶቻቸው በሕይወት ሳሉ በዚህች ክፍል በኩል ደጅ ሳይወጡ ይገናኙ ነበር። ሁለቱም እናቶች ካለፉ በኋላ ግን ልጆቹ በለቅሶው ሰሞን በተወረወረች አንዲት ክፉ ቃል ተኳረፉ፤ ቢ ቲማም በእሷ በኩል ያለውን በር ከባድ ሳጥን አስደግፋ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ፀጉራቸው ሸበተ፤ አንዷ የሌላዋን ሳል በግድግዳው በኩል እየሰማች ሰላምታ ሳይለዋወጡ ኖሩ።

ያስታረቃቸው፣ ወይም ሊያስታርቃቸው የጀመረው፣ ምስጥ ነው። የዊኪዮዋን ወለል የተሸከሙት ግንዶች ተበሉ። አንድ ቀን ከሥሯ የሚያልፍ የአህያ ጭነት ላይ የኖራ ቁራጭ ወደቀ። የከተማው ምክር ቤት ሰው መጥቶ አየና፣ ትልቁ ዝናብ ሳይገባ አድሷት፣ አለዚያ አፍርሷት አለ። ግንበኛው አቱማኒ በሁለቱ ቤቶች መካከል እየተመላለሰ አስማማቸው። እድሳቱን እኩል ይሸከማሉ፤ ክፍሏን ሁለቱም ይጠቀሙባታል፤ አንዷ ያለሌላዋ ፈቃድ በር አትዘጋም፤ አንዷ ብቻዋን አትሸጣትም። አቱማኒ ይህን ይዞ ወደ ራያ መጣ።

«አልቋል፣ ቢ ራያ። የቀረው መጻፍ ብቻ ነው» አለ።

ራያም ከቀትር በፊት ጻፈችው። መነሻውን ሚስተር ፖፓት ቢያዩት ደስ በሚላቸው አኳኋን አሳጠረችው፤ በሁለቱ ቤቶች መካከል አንዲት ክፍል የምትገኝ በመሆኑ፣ ክፍሏም እድሳት የሚያስፈልጋት በመሆኑ፣ ተዋዋዮች እንደሚከተለው ተስማምተዋል። ይኸው ነው። በእንግሊዝኛ የጻፈችውን ወደ ስዋሂሊ እየመለሰች ልታነብላቸው ተነሣች፤ ሁለቱ አብረን አንቀመጥም ስላሉ መጀመሪያ ወደ ቢ ሳኡሙ ሄደች።

ቢ ሳኡሙ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። የደጁ መደብ ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ።»

«እናቶቻችን የታሉ?»

«ውሉ የእርስዎና የቢ ቲማ ነው...»

«ክፍሏ ታዲያ ከሰማይ ነው የወረደችው? አንዲት ክፍል የምትገኝ በመሆኑ ትይኛለሽ። እንዲያው ባሕር ተፍቷት የምትገኝ ይመስል።» እጇን አወናጨፈች። «ጻፊ። የቲማን እናት ባሏ ጥሏት ሲሄድ፣ የሰው ዓይን ፈርታ ደጅ መውጣት ሲያቅታት፣ የኔ እናት አዝናላት ግድግዳዋን በስታ ይህችን ክፍል አሠራች። ነገርን ከሥሩ ነው እንጂ ከመካከሉ ማን ይጀምራል?»

ራያ መንገዱን ተሻግራ ወደ ቢ ቲማ ገባች። ቢ ቲማ ቀጭን ናት፤ በቀስታ ትናገራለች፤ ቃሏ ግን ይዋጋል።

«ልጄ፣ ይሄ ወረቀት ፍየል ለመሸጥ ይሆናል። ለእኔ ቤት አይሆንም።»

«ምን ይጨመርበት?»

«እውነቱ። የሳኡሙ እናት ሳኡሙን ወልዳ አልጋ ላይ ስትቀር፣ የኔ እናት ቀንና ሌት ላስታምማት ብላ ዊኪዮዋን አሠራች። ይሄን ጻፊ፤ እፈርማለሁ።»

ራያ ወደ ቢሮዋ ተመልሳ ሁለተኛ ረቂቅ አዘጋጀች። የሁለቱንም ቃል ጎን ለጎን አስገባች፤ አንደኛዋ ወገን እንዲህ ስለምትል፣ ሌላዋ ወገን እንዲያ ስለምትል እያለች። የባሰው ያኔ መጣ። እያንዳንዷ የሌላዋ ሐረግ ይሰረዝ፣ የእኔ ብቻ ይጻፍ አለች። ቢ ሳኡሙ የቲማ አባት ጥሎ መሄዱ ካልተጻፈ አልፈርምም አለች። ቢ ቲማ ይህን በሰማች ጊዜ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ያ ቃል ወረቀት ላይ ከሰፈረ ክፍሏ ትውደቅ» አለች። «ከነግድግዳዬ ትውደቅ።»

በአንቀጾቹ ላይ አንዲት ቃል አልተከራከሩም። ግማሽ በግማሽ፣ በሩ፣ ሽያጩ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። የተጣሉት በመነሻው ላይ ነበር። ራያ ረቂቁን ደጋግማ አነበበችው። መነሻ ማለት የሚያጣላውን አስወግዶ ማለፍ ይመስላት ነበር፤ እነዚህ ሴቶች ግን የሚዋዋሉት ስለ እንጨትና ኖራ አልነበረም። መጀመሪያ ያላስገባችው ነገር፣ የእናቶቻቸው ነገር፣ ነበር ውሉ።

አቱማኒን ጠየቀችው። ግንበኛ ነውና ክፍሏ ከየትኛው ቤት ተነሥታ እንደተሠራች ያውቅ ይሆናል ብላ ነው።

«አይቼዋለሁ» አለ አቱማኒ። «ግንዶቹ ሁለቱም ግድግዳ ውስጥ እኩል ገብተዋል። ማን እንደጀመረው እንጨት አይናገርም፣ ቢ ራያ። ይልቅ ቶሎ በሉ፤ ደመናው እየወፈረ ነው። ቢፈርሙም ባይፈርሙም ክፍሏ ባዶ መሆን አለባት።»

ክፍሏን ባዶ የማድረጉ ነገር ሌላ ጣጣ አመጣ። ከተዘጋችበት ቀን ጀምሮ የሁለቱም እናቶች ዕቃ እዚያው ተቆልሎ ቀርቷል፤ ምንጣፉ የማን እንደሆነ፣ የነሐሱ ሰሐን የማን እንደሆነ አንዷ ሌላዋን አታምንም። ሁለቱም ራሳቸው ሊገኙ ግድ ሆነ፤ ራያም በመካከላቸው እንድትቆም ተጠራች። አንድ ጧት የቢ ቲማ ልጆች ሳጥኑን ገፍተው በሩን ከፈቱት። ቢ ሳኡሙ በዚያ በኩል፣ ቢ ቲማ በዚህ በኩል ብቅ አሉ። ወለሉን በመፍራት ሁለቱም በግድግዳው ጥግ ጥግ ነው የሄዱት።

ዕቃው ሳይታሰብ ያለ ጠብ ወጣ። ምንጣፉን ቢ ሳኡሙ «ያንቺ ነው» አለች፤ ሰሐኑን ቢ ቲማ በእግሯ ወደዚያ ገፋችው። ክፍሏ ባዶ ስትሆን ሁለቱም መሄድ ነበረባቸው፤ አልሄዱም። ቢ ሳኡሙ በመንገዱ በኩል ባለው የእንጨት መስኮት ሥር ካለው ጠንካራ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ያህል ትንሽ ናት» አለች ለማንም ሳትል።

«ትንሽ አይደለችም» አለች ቢ ቲማ። «እኛ ነን ያበጥነው። በተለይ አንቺ።»

ቢ ሳኡሙ ቀና ብላ አየቻት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከቲማ በቀጥታ የተነገራት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ከዚያ ሆዷ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ነበር።

ራያ ያን ጊዜ ወረቀቷን አወጣች። ምን ልታደርግ እንደሆነ አስቀድማ አላሰበችም፤ ኋላ ለባሏ ስትነግረው፣ አፌ ቀደመኝ ነው ያለችው።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች። «የሰማችሁትን ተዉት። በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ፤ እሱን እጽፋለሁ። ቢ ሳኡሙ፣ ግድግዳው ሲበሳ አይተዋል?»

«አራስ ልጅ ነበርኩ።»

«ቢ ቲማ፣ እርስዎስ?»

«እኔም ጡት ላይ ነበርኩ። እናቴ ናት የነገረችኝ።»

«ታዲያ በዓይናችሁ ያያችሁት ምንድን ነው?»

ከታች አህያ ነጂ «መንገድ፣ መንገድ» እያለ አለፈ።

«ኩፍኝ» አለች ቢ ቲማ።

«ኩፍኝ» አለች ቢ ሳኡሙም። «እሷ ናት ያመጣችብኝ።»

«ውሸቷን ነው። መጀመሪያ የወጣባት እሷ ናት፤ ፊቷ እንደ በሰለ ፓፓያ ሆኖ ነበር።»

«እሺ፣ ኩፍኙ ይደር» አለች ራያ። «ከዚያስ?»

ነገሩ ተራ በተራ፣ አንዷ የሌላዋን አፍ እየነጠቀች ወጣ። ሌሎቹ ልጆች እንዳይያዙ ሁለቱን እዚህች ክፍል አስተኟቸው። መስኮቱ ላይ ጨርቅ ተሰቀለ። እናቶቻቸው እያንዳንዳቸው በየበራቸው ብቅ እያሉ ያስታምሟቸው ነበር። ሁለቱም የየእናታቸውን ገንፎ እምቢ አሉ፤ ተሟጋች ነበሩና።

«እኔ ያንቺን እናት ነበር የምቀበላት» አለች ቢ ቲማ። «በኮኮናቱ ወተት አትሰስትም ነበር። የኔ እናት ታቀጥነዋለች።»

«እኔ ደግሞ ያንቺን እናት። ቀጭኑን ነበር የምወደው።»

«ስለዚህ ነዋ አሁን እንዲህ የሆንሽው።»

ራያ ትጽፋለች። ቢ ሳኡሙ ግን ሳቋን አቆመችና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። «ያ ሌላው ነገር፣ የአባትሽ» አለች፤ «እኔ አላየሁትም። ሲወራ ነው የሰማሁት።»

«እኔ አይቻለሁ» አለች ቢ ቲማ።

በእጇ መስኮቱን አሳየች። «እዚህ ሆኜ። ከኩፍኙ እየዳንን ነበር። ጧት ነው። ከረጢቱን በትከሻው አድርጎ ከሥራችን አለፈ፤ ወደ ላይ ቀና አላለም። አንቺ አጠገቤ ተኝተሽ ነበር። ልቀስቅስሽ ብዬ ተውኩት።»

ክፍሏ ሰውየው ከመሄዱ በፊትም ነበረች ማለት ነው፤ ይህን ግን ማንም አላነሣውም። የራያ ብዕር ወረቀቱን ሳይነካ ቆመ።

«ልጻፈው?» አለች ቀስ ብላ።

«አትጻፊው» አለች ቢ ሳኡሙ፤ ያን ሁሉ ቀን ካልተጻፈ ስትል የነበረችው እሷው። «ቲማ፣ ይጻፍ ካላልሽ አይጻፍም።»

«አይጻፍ» አለች ቢ ቲማ። «አንቺ ሰምተሽዋል፤ ይበቃኛል።»

ራያ ያን ቀን ቢሮዋ ገብታ ሦስተኛውን መነሻ ጻፈች። እንዲህ ይላል።

«በሁለቱ ቤቶች መካከል ከመንገድ በላይ ዊኪዮ የምትባል አንዲት ክፍል የምትገኝ በመሆኑ፤ ይህችን ክፍል የተዋዋዮቹ እናቶች፣ እህትማማቾቹ ሙዋና ኤሻና ሙዋና ራህማ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው በጋራ ሲገለገሉባት የኖሩ በመሆኑ፤ ተዋዋዮቹም በልጅነታቸው ኩፍኝ በያዛቸው ጊዜ በዚህችው ክፍል አብረው ተኝተው ከሁለቱም ቤቶች የተመገቡና እንክብካቤ ያገኙ መሆናቸውን ሁለቱም የሚያስታውሱ በመሆኑ፤ ክፍሏን ማን እንዳሠራት ተዋዋዮቹ ከወላጆቻቸው የሰሙት የተለያየ ሲሆን፣ ይህ ውል ያንን ለመወሰን ያልተጻፈ በመሆኑ፤ ክፍሏ ታድሳ ሁለቱ ቤቶች እንደ ቀድሞው እንዲገናኙ የሚፈልጉ በመሆኑ፤ እንደሚከተለው ተስማምተዋል።»

ኩፍኙ ላይ ስትደርስ ብዕሯን አስቀመጠች። የሚስተር ፖፓት ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ራሷን ጠየቀች። ቃል የተገባበት አለ? የለም። የተከሰሰ ሰው አለ? የለም። ለውሉ ይጠቅማል? ክፍሏ ከጥንትም የሁለቱ ቤት እንደነበረች፣ ያንዲቱ ብቻ እንዳልነበረች፣ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምን አለ? አንድ ቀን አንድ ዳኛ ይህን ውል ቢያነብ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እንዳለ ተወችው።

በነጋታው ሁለቱም ራያ ቢሮ መጡ፤ አንድ አግዳሚ ላይ፣ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው ተቀመጡ። ራያ አነበበች። የእናቶቹ ስም ሲጠራ ቢ ቲማ የጥቁር መጎናጸፊያዋን፣ የቡይቡይዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«ኩፍኙን ማን እንዳመጣው አልተጻፈም» አለች ቢ ሳኡሙ።

«እሱ ለሌላ ውል ይቆየን» አለች ራያ።

ፈረሙ። ግንዶቹን ምብዋና ከሰሜን ካለው የባሕር ሰላጤ በጀልባው አመጣ፤ አቱማኒም ዝናቡ ሊገባ አካባቢ ሥራውን ጨረሰ። ኖራው ደርቆ በሮቹ በተከፈቱ ቀን ራያና ባሏ፣ ግንበኛውም ተጠርተው በዊኪዮዋ ውስጥ ማዕድ ቀረቡ፤ በኮኮናት የተሠራ ዓሣ፣ ሩዝ፣ የሁመር ጭማቂ። ሁለት ድስት ዓሣ ነበር የቀረበው፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፤ ምብዋና የትኛው እንደሚሻል ተጠይቆ፣ እኔ ባሕር ላይ የምኖር ሰው ነኝ፣ በየብስ ጠብ ውስጥ አልገባም ብሎ ከሁለቱም ደገመ።

ራያ የውሉን ግልባጭ ለሚስተር ፖፓት ላከችላቸው። እሳቸው ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ስልክ ደወሉ።

«ኩፍኝ?» አሉ፣ ሰላምታም ሳይቀድም።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እኔ ብሆን እሰርዘው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ብሰርዘው ደግሞ አይፈርሙም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ደህና ነው፣ ራያ። ደህና ጽፈሻል።» እሳቸው በሕይወታቸው «ደህና» የሚለውን ቃል የሚያወጡት በጭንቅ ነበርና፣ ራያ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ጥቂት ወደ ውጭ እያየች ቆየች።

ከዚያ ወዲህ አሠራሯ ትንሽ ተለወጠ። ሰዎች ውል ሊያጽፉ ሲመጡ ወረቀት ከመሳቧ በፊት ሻይ ታስቀርብላቸዋለች፤ እያንዳንዱን በዓይንህ ያየኸው ምንድን ነው ብላ ትጠይቃለች። ብዙ ያወራሉ፤ ጥቂት ትጽፋለች። አንዳንዱ ይህ ምን ያደርጋል ብሎ ይቆጣል፤ አንዳንዱ ገና ሳይፈርም ታርቆ፣ ውሉም አያስፈልገን ብሎ ይሄድባታል። ምብዋና በዚህ ይስቅባታል። እሷ አይከፋትም።

ቢ ሳኡሙና ቢ ቲማ ዛሬም አሉ። ታርቀዋል ለማለት ያስቸግራል፤ ድምፃቸው ከዊኪዮዋ መስኮት ወደ መንገዱ ሲወርድ ይሰማል፤ አንዴ ስለ ጨው፣ አንዴ ስለ ልጅ ልጅ አስተዳደግ። ራያ ወደ ገበያ ስትሄድ መንገዷ በሥራቸው ነው። ጥላው ስለሚቀዘቅዝ እዚያ ስትደርስ እርምጃዋን ታዘገያለች፤ የሚሉትን ትሰማለች፤ ከዚያ ዘንቢሏን አስተካክላ፣ ዓሣው ሳያልቅ ልድረስ ብላ ወደ ወደቡ ገበያ ትወርዳለች።